የጆሊን ደም ግባት

ታላቅ ወንድሜ አንድ የተቀዳ ካሴት ነበረው። አንዱ ገጽ ኬኒ ሮጀርስ፣ ሌላው ዶሊ ፓርተን። ክሩ በተጠላለፈ ቁጥር በእስክሪብቶ እያጠነጠንን እንደገና እንሰማው ነበር። ያኔ እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ ከዶሊ ዘፈን "ጆሊን" የሚለውን ስም ብቻ ይዤ አብሬ እጮሃለሁ። ጊታሩ እንደዚያ ሲጣደፍ የደስታ ዘፈን መስሎኝ ነበር።

ለካስ ልመና ነው። አንዲት ሴት ሌላዋን ሴት "ባሌን አትውሰጅብኝ" ብላ የምትማጸንበት።

እኛ "ደም ግባት" የምንለው ነገር አለ። ቁንጅና በኩሉም በሹሩባውም ይታገዛል። ደም ግባት ግን ዝም ብላ የተቀመጠችውን ሴት ከሰው ሁሉ ለይቶ የሚያሳይ ነው። ጆሊን እንደዚያ ናት። በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ቃል አትናገርም፣ አትኳኳልም፣ ማንንም አታባብልም። ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ድምፅዋ የምንሰማው ሁሉ እሷን ከምትፈራት ሴት አፍ ነው። ጣውንቷን እንዲህ የምታሞግስ ሴት ማን አይቷል? ሌላዋ ብትሆን "እግሯ ቀጭን፣ ምላሷ ረጅም" ብላ እንከን ትፈልግላት ነበር። ይህቺ ግን ስሟን 30 ጊዜ ያህል እየጠራች እጅ ትሰጣለች።

ዶሊ ራሷ እንደተናገረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ካርል ዲንን ካገባች በኋላ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት የባንክ ሠራተኛ ዓይኗን ጥላበት ነበር። እሱም ባንክ መሄድ አበዛ። ስሙን ያገኘችው ግን ከሌላ ቦታ ነው፤ ኮንሰርት ላይ ፊርማ ልታስፈርም ከመጣች ትንሽ ልጅ። የልጅቱም ፀጉር ቀይ፣ ዓይኗ አረንጓዴ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ፍርሃቱ የመጣው ከባንኳ ሴት፣ ውበቱ ደግሞ ማማሯን እንኳ ከማታውቅ ሕፃን። ጆሊን ምንም ሳታደርግ የምታምረው ለዚህ ይመስለኛል።

ዘፈኑ በ1973 ናሽቪል ውስጥ ተቀረጸ፤ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በ1974 መጀመሪያ በአሜሪካ የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ቢዮንሴ በ2024 ስትዘፍነው ልመናውን ወደ ማስጠንቀቂያ ለውጣዋለች። ድምፅዋን እወደዋለሁ፤ የዶሊን ግን አልለውጥም። ሰው የሚያስፈራራው እችለዋለሁ ያለውን ነው። ዶሊ ስትለምን ነው የጆሊን ውበት ልኩ የሚታየው።

ዘፈኑን የምታውቁት ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ ጊታሩን ትታችሁ ቃሉን ብቻ ስሙት። ስለ ባልየው ለሚጠይቀኝ ደግሞ፣ ካርል ዲን በማርች 2025 እስኪሞት ድረስ ከዶሊ ጋር ወደ 59 ዓመት በትዳር ኖረ።