ጋፋትን አምኖ ጨረቃን የሚክደው ወዳጄ

ደብረ ታቦር ያለ አንድ ወዳጄ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል ደሙ ይፈላል። «ባንዲራው ይውለበለባል እኮ! እዚያ ንፋስ አለ እንዴ?» ይለኛል። ባንዲራውን የዘረጋው ከላይ የገባለት አግዳሚ ዘንግ ነው፤ የተወዛወዘውም ሰዎቹ ሲተክሉት ስለነቀነቁት ነው። «ኮከብስ የታለ?» ካሜራ ለፀሐይ ብርሃን ሲስተካከል ደብዛዛውን አያይም።

እኔን የሚያሳምኑኝ ግን ሶቪየቶች ናቸው። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ነው። በዚያው ዕለት የሶቪየቷ መንኮራኩር ሉና 15 እዚያው ጨረቃ ላይ ተከሰከሰች። የተቀደመ ባላንጣ ውሸት ቢያገኝ ዝም ይላል?

ይኸው ሰው ጋፋት ሲነሳ ደረቱን ይነፋል። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጋፋት፣ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ መቅደላ ድረስ መጎተቱን አይጠራጠርም። «እሱማ መድፉ አለ!» አለኝ። የጨረቃውም ዕቃ አለ፦ አርምስትሮንግ የሄደበት አፖሎ 11 የተወው መስተዋት ከምድር የተላከ ሌዘር ይመልሳል፤ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው።

አሁን ደግሞ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና በመጠቀችው ሳተላይታችን ላይ ዞሯል። ምን ጠቀመችን፣ ስንት ወጣባት፣ የቻይና እጅስ ምን ያህል ነበር ብሎ ቢጠይቅ አብሬው በጠየቅኩ። እሱ ግን መምጠቋን ነው የሚክደው።