41 ሰከንድ

ታማራ ማርያም ዳዊት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው «ፋይንዲንግ ሳሊ» ዘጋቢ ፊልም፣ ኢሕአፓን ተቀላቅላ የጠፋችውን አክስቷን ትፈልጋለች። ሳሊ አፍቅራም ነበር። ፍቅሯን ግን ራሷ አትነግረንም፤ እህቶቿ ናቸው የሚያስታውሱላት።

የእኔዋ በሕይወት አለች። መቀሌ ሐውልቲ አካባቢ ስንሄድ በስልኬ የቀረጽኳት 41 ሰከንድ አለችኝ። በጥቅምት 2013 ኔትወርክ ሲቋረጥ እሷ አዲስ አበባ ነበረች። ኔትወርኩ ሲመለስ እኛ አልተመለስንም።

ከዚያችው ቪዲዮ አጭር ፊልም ልሠራ ተነሳሁ። እንጀራዬ ኮድ ነው፤ ጊት ላይ የሰረዝኩት መስመር እንኳ ማን፣ መቼ እንደሰረዘው ይታያል። ፊልም ስትቆርጥ ግን ተመልካቹ የጎደለውን በምን ያውቃል? እኔም ሳቋ ላይ እንዲያልቅ ብዬ መጨረሻውን ቆረጥኩት።

ሳላስፈቅዳት ማውጣቱ ከበደኝና ላኩላት። ማታ መለሰች፦ «ቆንጆ ነው። ግን ‹ይኣክል፣ በቃ አትቅረጸኝ› ያልኩህ የት ሄደ?»

ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። እውነቷን ነው። ሁለቴ ብላኛለች፤ እኔ ከካሜራው ጀርባ እስቃለሁ። ሳቁ የሁለታችን ይመስለኝ ነበር፣ ይገርማል።

የቆረጥኩትን መልሼ አስገብቼ ድጋሚ ላክሁላት። ይውጣ ወይስ ይቅር እንድትለኝ እየጠበቅኩ ነው።