ቅዳሜ በገነተ ልዑል

ስድስት ኪሎ ከታክሲ ስንወርድ ታናሹ ልጄ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት አንጋጦ አየና ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ዞሮ «እማዬ፣ አንቺ እዚህ ነው እንዴ የምትማሪው?» አለኝ። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነበር። በ39 ዓመቴ የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜዎቼ ከቤት ጠፍተዋል፤ ባለቤቴ «ቢያንስ የት እንደምትውዪ ልጆቹ ይዩት» ብሎ ነው አብረን የመጣነው። እናቴማ እስከ ዛሬ «ታሪክ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ትለኛለች።

ግቢው ውስጥ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኖረውበት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘውም እዚሁ ነው። ከልጆች ጋር ከሄዱ ፎቅ ላይ ያለውን የንጉሠ ነገሥቱን መኝታና መታጠቢያ ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ። የኔዎቹ ንጉሥም ገላውን እንደሚታጠብ ያወቁት የዚያን ቀን ይመስለኛል።

ደጅ ላይ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን በፋሺስት አገዛዝ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጆቹ እርከኑን እየቆጠሩ ሲጫወቱ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ መሆኑን፣ ከዚያም ሕዝቡ ለሦስት ቀን መጨፍጨፉን ነገርኳቸው።

ታላቋ ዝም ብላ ቆየችና «የሞቱት ሰዎች ስም ተጽፏል?» አለች።

የብዙዎቹ እንዳልተጻፈ ነገርኳት።

«ለምን ቤተሰቦቻቸውን ሳይጠይቁ ቀሩ?» ብላ ተቆጣች። እኔን የተቆጣች ነው የመሰለኝ።

የመጀመሪያው ዓመት በክፍል ትምህርት ያልቃል። ሁለተኛው የራስ ነው፦ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ወመዘክር መመላለስ፣ የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ፣ ሽማግሌና አሮጊት ፍለጋ በየሰፈሩ መዞር። የኔ ጥናት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ጠላና ምግብ ሸጠው ልጆች ስላሳደጉ እናቶች ነበር። ከሁሉም በላይ የጓጓሁላቸው አንዲት የ80 ዓመት እናት «ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ ልጄ፤ እኔ የት እሄዳለሁ» ብለውኝ ነበር።

ፈተናው አለፈ። በ2016 ሰፈሩ ፈረሰ። ስሄድ ያገኘሁት አፈርና የቆርቆሮ አጥር ነው።

በጎረቤት በጎረቤት ስልክ ሳፈላልግ ከርሜ ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። ልጄም አብራኝ ሄደች። ቡና ቀርቦ ጨዋታው ሲጀመር ግን እማማ ተቸገሩ፤ የማን ቤት ከማን ቤት ቀጥሎ እንደነበር ጠፋባቸው። «መንገዱ ቢኖር እየመራሁ አሳይሽ ነበር» አሉኝ። መቅጃውን አጥፍቼ ዝም አልኩ።

ልጄ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገነጠለችና መሬት ላይ አነጠፈችው። «እማማ፣ ከእርስዎ በር እንጀምር። ሲወጡ በቀኝ በኩል ማን ነበር?»

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸውን አነሱና በሩን የሚከፍቱ ያህል ገፋ አደረጉ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩ፤ ልጄ እየሰማች ጻፈች። አሥራ አንድ ቤት ደርሰን አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ቆሙ።

«ጠይም ናት፤ ጠላዋ የታወቀ። ስሟ... አፌ ላይ አለ» አሉ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ኑ፤ እስከዚያ አስታውሰዋለሁ።»

ልጄ አሥራ ሁለተኛውን ቤት ሣለችና ውስጡን ባዶ ተወችው።