የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ

ማንኩሳን አንባቢ የሚያውቃት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ እኔ ግን በሶና ድርቆሽ ይዤ ለትምህርት የወጣሁባት አገሬ ናት። በከተማ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን በአንድ ኩራዝ እናጠና ነበር። ኪራዩ ቢጨመርብን ከመካከላችን አንዱ ከ10ኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ ተመለሰ፤ ሒሳብ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቅ ነበረ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው ሲባል እርሱ ትዝ አለኝ። ሥርዓተ ትምህርቱንስ ሚኒስቴሩ ያሻሽለው፤ ለገጠር ልጅ ማደሪያና የማታ ማንበቢያ መፈለግ ግን የከተማው አስተዳደር ፈንታ ይመስለኛል። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅ። የዚያች ከተማ ማዘጋጃ ቤት መብራት ያለው ሰፊ አዳራሽ ነበረው፤ ከስብሰባ ቀን በቀር ቁልፉ ከዘበኛው ኪስ አይወጣም ነበር።