ክዳኑ የተነሣ ኮምፒውተር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ፣ አዲስ ዘመንን አልፈው ማክሰኝት ሳይደርሱ እንፍራንዝን ያገኛሉ። መንገደኛው የሚያውቃት ጣናን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል በሚያየው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ነው። እኔ ግን ስሟ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ክዳኑ ተነሥቶ ሆዱ የሚታይ አሮጌ ፔንቲየም ኮምፒውተር ነው።

ጊዜው 1990ዎቹ ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው ማመልከቻ የሚጽፉባት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። አመሻሽ ላይ ባለጉዳይ ሲቀንስ እኛን የሠፈር ልጆች ሰብስበው ያስተምሩን ነበር። ሰሌዳ የላቸውም፤ ሰሌዳቸው ያ ፔንቲየም ነው።

«እንካ፣ ጠርዟን ብቻ ያዝ» ብለው ራም የምትባለውን የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ ሰጡኝ። አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ቺፖች የተደረደሩባት፣ ከታች ወርቅማ ጥርሶች ያሏት ነገር ናት። ያለ እሷ ኮምፒውተሩን ሲያበሩት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። «የሚሠራበት ቦታ አጥቶ ነው የሚጮኸው» አሉን። አጥፍተው ጥርሶቿን በላጲስ ጠረጉና ቦታዋ ላይ ቀጭ አደረጓት፤ ጩኸቱ ቆመ። የቀረውን ትምህርት መብራት ኃይል ጨረሰልን። መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠው ማመልከቻ ከራሟ ላይ ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ግን መብራት ሲመጣ እዚያው ይገኛል። ይህን ልዩነት ከዚያ ወዲህ ማንም በቃል እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ፍሎፒ ዲስክም ከፍተን አይተናል። በሁለት ገጹ፣ በእያንዳንዱ ገጽ 80 ክብ መሥመር፣ በእያንዳንዱ መሥመር 18 ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት። በእስክሪብቶ አባዝተን 1,474,560 ላይ ደርሰን ወደ ኪሎባይት ስንለውጠው፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው 1.44 ከየት እንደመጣ ገባን።

ከሁሉም የምወደው ግን ጋሼ በገዛ እጃቸው የሠሯት ሣንቃ ናት። ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስምንት የባትሪ አምፖል። ከቀኝ ጀምሮ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 128 ይሄዳል፤ የበሩትን መደመር ነው። ከዜሮ እስከ 255 በድምሩ 256 ቁጥር ይወጣል። «ፊደላችን ስንት ነው?» አሉ። ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231። «ስለዚህ ይበቃል!» ብለን ጮኽን። «የእንግሊዝኛውስ ፊደል፣ ቁጥሩስ የት ይግባ?» ዝም አልን። ከባሕር ዳር በፍሎፒ የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ጋሼ ቤት ሲከፈት ለምን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ እንደሚሆን ያን ማታ ተረዳን፤ የአማርኛ ፕሮግራሞቹ ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ አስቀምጠውት ስለነበር፣ ያው ፎንት ከሌለ የሚታየው የሥሩ እንግሊዝኛ ነው።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የያዙት ስልክ ከዚያ ፔንቲየም እጅግ ይበልጣል፤ ግን ተለጥፎ የታሸገ ነው፣ ምኑን ነክተው ይማሩበት? በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የለበሱ ኮምፒውተሮች ተቆልፎባቸው ሳይ ያንገበግበኛል። ባይሠሩ እንኳ ይከፈታሉ፣ ይፈታሉ፣ ይገጠማሉ።

የጋሼን የመሰለ ሣንቃ ሠርቼ አምስት ማብሪያ ማጥፊያ ከነአምፖሉ ጨመርኩበት፤ 13 ሆነ። ምክንያቱም በፈረንጆች 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን በራሱ ቁጥር ሲመዘግበው «ሀ» 4608 ሆነ፤ 4096 ሲደመር 512፣ ማለትም ከ13ቱ ሁለት አምፖል ብቻ ይበራል። «ለ» በ8 ትበልጠዋለች። ልጆቹን ሀሁሂሃን፣ ለሉሊላን በአምፖል እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ፣ «የቀኞቹን ሦስቱን ብቻ እዩ!» አለች። ግዕዝ ሦስቱም ጠፍተው፣ ካዕብ የቀኝ ጫፉ በርቶ፣ ሣልስ መካከለኛው፣ ራብዕ ሁለቱም። «መ» ላይ ሞከሩት፣ «በ» ላይ ሞከሩት፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ሣንቃዋን ከእጃቸው ማስለቀቅ አልቻልኩም።