ሳይመረምሩ መፍረድ

ሰው በባልንጀራው ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል፤ ለመመርመር ግን ይዘገያል። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነኝን ከትንፋሽ ሕመም እወስዳለሁ።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር መኸር ሲደርስ ገብሱና ጤፉ በአውድማ ላይ ይወቃል፤ እህሉ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተንም ነፋስ እብቁን ይወስደዋል። ለገበሬው ነፋስ ባለውለታ ነው፤ ከጋይንት ከተሞች አንዷም ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። ነገር ግን ብናኙ ደረቱን ዘግቶት፣ ትንፋሹ ሲር ሲር እያለ፣ ከአውድማው ዳር የሚቀመጥ ጎልማሳ አይቻለሁ። ሰዎች «ሰነፍ ነው፤ ሥራ ሲመጣ ይታመማል» ይሉታል። ሥራ ሲመጣ መታመሙ እውነት ነው፤ የሚያሳምመው ግን ሥራው ሳይሆን ከሥራው የሚነሣው ብናኝ ነው። እንግዲህ ሰው ያየው ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

አስም የሚባለው በሽታ የሚመጣው የሳንባ ቧንቧዎች ተቆጥተው ሲያብጡና ሲጠቡ ነው። ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው ደግሞ አለርጂ ይባላል። ስለዚህ ሰውነትም ራሱ አንዳንድ ጊዜ ሳይመረምር ይፈርዳል ማለት ነው።

የሕክምና ሊቃውንት ግን በመገመት ፈንታ ቈጠሩ። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጅማ ከተማና በገጠር ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎችን መርምረው ያገኙትን በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን «የገጠር አየር ንጹሕ ስለ ሆነ ነው» ብሎ ነገሩን በዘጋው ነበር። እነርሱ ግን አልዘጉትም። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ሌላ ጥናት፣ በሆዳቸው የመንጠቆ ትል የበዛባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የሚለው ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ መሆኑ ታየ። ከዚህም የተነሣ ትሉ የሰውነትን ቁጣ ያበርድ ይሆናል የሚል ሐሳብ በረታ።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ሆኖም መፈተን ነበረበት። በእንግሊዝ አገር ፈቃደኛ ለሆኑ የአስም ሕመምተኞች ትሉ በጥቂቱ ተሰጥቶ ቢታይ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. እንደ ተገለጸው፣ ጉልህ መሻሻል አልተገኘም። ተመራማሪዎቹም ይህን ሳይደብቁ ጻፉት።

ወጣት አንባቢ ሆይ! የወሬውን ግማሽ ብቻ ሰምተህ ለልጆች የትል መድኃኒት አያስፈልግም እንዳትል ተጠንቀቅ፤ የመንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ ሰውን ያመነምናልና። ይልቅስ ከእነዚህ ሰዎች ጠባይን ተማር። የወደዱትን ሐሳብ ለፈተና አቀረቡት፤ ፈተናው ሲጥለውም አላፈሩም።

የትምህርት ቤት ጓደኛህ በሩጫ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ሌሊትም እያሳለ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ስም ከማውጣትህ በፊት ጠጋ ብለህ ትንፋሹን አድምጥ። ሐኪም ዘንድም አብረኸው ሂድ፤ ለአስም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አለ። «ሰነፍ» ለሚል ስድብ ግን መድኃኒት አልተገኘለትም።