ለእህቴ ያልመለስኩላት ጥያቄ

እህቴ ስኳር እንዳለባት ሲነገረን የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ እጄን ይዛ፣ «ያጠቃሽ የራስሽ ሰውነት ነው አሉኝ፤ እኔ ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፣ ያውም የባዮሎጂ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወጣቶችን እመራ ነበር። ከሁለቱም ወገን መልስ ይጠበቅብኝ ነበር፤ ከአንዱም አልመጣልኝም። «አይዞሽ» ብያት ታክሲ ያዝን።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን የማነሣው በቅርቡ በክፍላችን አንድ ልጅ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ስለጠየቀኝ ነው። «ቲቸር፣ ሊጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ እንዴት ባለቤቱን ይደበድባል?» በዚህኛው ዙር ዝም አልልም ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠራባቸው 20,000 ያህል ጂኖች አሉት። በዓይናችሁ ያለው ሴልም ሆነ በጉበታችሁ ያለው የያዘው እነዚያኑ ጂኖች ነው። (ቀይ የደም ሴል ሲበስል ኒውክለሱን አውጥቶ ስለሚጥል ጂን የለውም፤ እሱን እንለፈው።) ታዲያ አንዱ ዓይን፣ ሌላው ጉበት የሆነው እንዴት ነው? ወላጆቻችሁ የሚይዙትን ባለ ቁጥር የመዝሙር መጽሐፍ አስቡት። በሁሉም እጅ ያለው መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚዘመረው ግን መሪው ቁጥሩን የጠራው ብቻ ነው። በሴል ውስጥም ዲኤንኤው ላይ እየተቀመጡ «ይህ ይነበብ፣ ያ ይዘጋ» የሚሉ ፕሮቲኖች አሉ።

አሁን ወደ ዘበኛው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚያድጉት ከደረት አጥንታችን ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል ዕጢ ውስጥ ነው። አንድ ቲ ሴል የሚያውቀውን ባዕድ ነገር ሲያገኝ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል። ይህም ኤንፋት የተባለውን ፕሮቲን ያስነሣል፤ ኤንፋት ወደ ኒውክለስ ገብቶ ኢንተርሉኪን 2 የሚሠራበትን ጂን ያስከፍታል። ኢንተርሉኪን 2ን የሰፈር ኡኡታ በሉት። ኡኡ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ እንደሚወጣ፣ ቲ ሴሎቹም ይባዛሉ፣ ይዘምታሉ። መልካም ነው፤ ሌባ የተባለው በእርግጥ ሌባ ከሆነ።

ችግሩ፣ የራሳችንን አካል እንደ ባዕድ የሚያዩ ጥቂት ቲ ሴሎች ከታይመስ ቁጥጥር ያመልጣሉ። ስለዚህ በሰፈሩ ሌላ ዓይነት ቲ ሴል ያስፈልጋል፤ አብራጅ። በአብራጁ ውስጥ ፎክስፒ3 የሚባል ጂን ክፍት ነው፤ ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲንም የሌሎች ጂኖች መሪ ነው። እኔን መጽሐፉን አስቀምጬ እንድቆም ያደረገኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ አብራጁም የሚመጣው ያው ኤንፋት ነው። መልእክተኛው አልተለወጠም። ነገር ግን ፎክስፒ3 አጠገቡ ስለሚቆም የኡኡታው ጂን እንደተዘጋ ይቀራል፤ በምትኩ የሌሎችን ኡኡታ የሚይዝ ተቀባይ የሚሠራበት ጂን በብዛት ይነበባል። አብራጁ ራሱ አይጮኽም፤ የሌላውን ጩኸት ይውጣል።

ይህ የታወቀው በአይጦች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ቴነሲ፣ ኦክ ሪጅ በሚገኝ ቤተ ሙከራ አንዳንድ ወንድ አይጦች ቆዳቸው እየተቀረፈ፣ ጣፊያቸው እያበጠ በጥቂት ሳምንታት ይሞቱ ጀመር። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ጥፋቱን ፈልገው ወደ 20 ጂኖች አጠበቡት። አንድ በአንድ መረመሩ፤ የተገኘው በመጨረሻው፣ በ20ኛው ላይ ነው። ሁለት ትርፍ የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ! በ2001 ያው ጂን የተበላሸባቸው ወንድ ሕፃናት አይፔክስ በሚባል ከባድ ሕመም እንደሚያዙ አሳዩ፤ ብዙዎቹ ገና በጨቅላነታቸው ስኳር ይይዛቸዋል። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ አብራጆቹን ሴሎች በ1995 ለይቶ ነበር፤ በ2003 ነገሩ ከፎክስፒ3 ጋር ተገናኘ። ሦስቱም በ2025 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ራምስዴል ስልኩን ዘግቶ በተራራ ላይ ይጓዝ ስለነበር ዜናውን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

የእህቴ ሕመም አይፔክስ አይደለም። በአብዛኞቹ የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኞች ፎክስፒ3 ራሱ አልተበላሸም፤ ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፣ ከውጭም የሚጨመር አለ። የሚመሳሰለው መጨረሻው ነው፤ በቂ አብራጅ ያላገኙ ቲ ሴሎች በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ይፈጃሉ። ከረሜላ አላመጣውም። እሷ የሠራችው ኃጢአትም አላመጣውም። «ምን አድርጌው ነው?» ላለችው መልሱ «ምንም» ነበር፤ አንድ ቃል።

ያን ቃል ስላልሰጠኋት ሌሎች በራሳቸው ሞሉት። በታመመች በዓመቱ በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ እንግዳ አገልጋይ፣ «መርፌውን ዛሬ እዚህ ትቼዋለሁ በዪ» አላት። አለች። ጉባኤው አሜን አለ። እቤት ስንደርስ፣ ፍሪጅ ስላልነበረን እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ የምናስቀምጠውን ኢንሱሊን እናቴ ልታወጣ ስትል እህቴ ከለከለቻት። እኔ ስለ ፈውስ ልከራከር አልተነሣሁም፤ ስለ ቆሽቷ ግን አውቅ ነበር። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሰውነት ስቡን ያቃጥላል፣ ደሙ አሲድ ይበዛበታል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስንቀሰቅሳት አልመለሰችልንም። በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በኢንሱሊን ከሁለት ቀን በኋላ ነቃች።

ያን የክፍላችንን ልጅ ጥያቄ አጥንቼ ስጨርስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሱ አይደለም፤ ወደ እህቴ ነው። 28 ዓመቷ ነው አሁን። ምሳ ልትበላ መርፌዋን እየሞላች ነበር። ስለ ኡኡታው፣ ስለ አብራጁ፣ ስለ 20ኛው ጂን ነገርኳት። «ምንም አላደረግሽም» አልኳት፤ ከ15 ዓመት በኋላ።

መርፌዋን ወግታ ጨረሰችና ክዳኑን ገጠመች።

«ያን ቀን አሜን ሲሉ» አለችኝ፣ «ድምፅህን ለይቼ ሰምቼው ነበር።»

«አዎ፣ ብያለሁ» አልኳት።

እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።